ከ«ሀ ሁ» እስከ «ቃማጽ አሌፍ»፦ ፊደልና ድምፅ የተገናኙበት መንገድ



ልጆቻችን ኪታ አሌፍ ሲገቡ ከሚጠብቃቸው ሥራ ሁሉ ትልቁ በዓይን የሚታየውን ምልክት በጆሮ ከሚሰማው ድምፅ ጋር ማገናኘት ነው። ሒሳቡም፣ ኦሪቱም፣ የተፈጥሮ ትምህርቱም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛና ወደ ሦስተኛ ክፍል ያለፈ ልጅ በሁሉም ትምህርት ወደኋላ እንደሚቀር እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ዘወትር የምናየው ነገር ነው። ወላጆች ተጠርተው ሲጠየቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «እኛ ምን እናውቃለን? መምህሯ ታውቃለች» ይላሉ።

መልሱ ከትሕትናና ለመምህር ካለን ክብር የመጣ ነው፤ ትክክል ግን አይመስለንም። በአገር ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ልጁ ኪታ አሌፍ የሚማረውን ነገር ዋናውን ክፍል አስቀድሞ ያውቀዋል። ይህንንም ለማስረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ያስፈልጋል። ፊደል ያልቆጠረችው እናት ብትሆንም ባዶ እጇን አይደለችም፤ ስለ እርሷ ወደ መጨረሻው እንመጣለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የግእዝና የዕብራይስጥ ፊደላት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በጥንት ጊዜ ከአንድ ምንጭ ወጥተው አንዱ በሰሜን በኩል በከነዓንና በሶርያ ምድር አደገ፤ ሌላው በደቡብ ዐረብ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አክሱም ደረሰ። ዝምድናቸውን ለማየት ዳዊትን መግለጥ ይበቃል። በዕብራይስጡ 119ኛው፣ በግእዙ 118ኛው የሆነው መዝሙር 176 ቁጥሮች አሉት፤ እነዚህም በ22 ክፍል ተከፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል ስምንት ስምንት ይደርሰዋል። በዕብራይስጡ የአንዱ ክፍል ስምንቱም ቁጥሮች በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ግእዙ ትርጉም ስለሆነ ይህን መጠበቅ አልቻለም፤ ነገር ግን የፊደላቱን ስም በየክፍሉ ራስ ላይ ጽፎ አቆይቶልናል። ስለዚህ ዳዊት የሚደግሙ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን አንድም የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሳያዩ የፊደላቱን ስም ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ሁለቱም ፊደላት ሲጀመሩ አንድ ጉድለት ነበረባቸው። የሚጽፉት ተነባቢውን ብቻ ነው፤ አናባቢውን አንባቢው ከራሱ መጨመር አለበት። በአማርኛ እንመስለው። «ሰመ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ብናገኝና ፊደሉ ራሱ «ሱ፣ ሲ፣ ሳ» ማለት ባይችል፣ ቃሉ ስም ይሁን፣ ሰም ይሁን፣ ሳመ ይሁን፣ ሰማ ይሁን የምናውቀው ከአካባቢው ብቻ ነው። ቋንቋውን አጣርቶ ለሚያውቅ ትልቅ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ገና ለሚማር ልጅ ግን ግድግዳ ነው።

በአክሱም ይህ ግድግዳ የፈረሰው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ከንጉሥ ዒዛና ዘመን ከቀሩልን የድንጋይ ጽሑፎች መካከል አናባቢ የሌላቸውም አናባቢ ያላቸውም ይገኛሉ፤ ለውጡ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲካሄድ እንደማየት ነው። መፍትሔውም የፊደሉን አካል ራሱን መቀየር ሆነ። አንዱ እግር ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ከጎን ጭረት ይጨመራል፣ ከታች ቀለበት ይንጠለጠላል፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ። ከዚያ ወዲህ በግእዝ የተጻፈ ማናቸውም መጽሐፍ፣ የእኛ ኦሪት ጭምር፣ አናባቢውን በአካሉ ላይ ይዞ የሚሄድ ሆነ።

ዕብራይስጥ ሌላ መንገድ ሄደ። አንዳንድ ፊደላት፣ ዋው፣ ዮድ፣ ሄና አሌፍ፣ በከፊል የአናባቢነት ሥራ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን የኦሪት ጽሑፍ ቅዱስ ስለሆነ በፊደሉ አካል ላይ እጅ ማሳረፍ አልተፈቀደም። ቋንቋው ከዕለታዊ ንግግር እየራቀ ሲሄድ ግን ትክክለኛው ንባብ እንዳይጠፋ ተሰጋ። በጥብርያዶስ የነበሩት ሊቃውንት፣ ማሶራውያን የሚባሉት፣ ፊደሉን ሳይነኩ ከበታቹ፣ ከበላዩና ከውስጡ ነጥብና ጭረት አደረጉ። ኒኩድ የምንለው ይህ ነው። ከእነርሱ ሁሉ ስሙ የገነነው አሮን ቤን አሼር ነው፤ በ930 ገደማ ነጥብ ያኖረበት መጽሐፍ በሐለብ ከተማ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ ኖሮ ዛሬ በኢየሩሳሌም ይገኛል። በምኩራብ የሚነበበው የኦሪት ጥቅልል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ኒኩድ የለውም።

ለመኩራራት ሳይሆን ለማስታወስ ያህል፣ በእኛ ፊደልና በቤን አሼር ነጥብ መካከል ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አለ። ታዲያ ሁለቱም የመለሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ወይም እንግዳ ሰው ቃሉን ሳያውቀው እንዴት አድርጎ በትክክል ያነበዋል?

መምህራኑም የደረሱበት ዘዴ እጅግ ይመሳሰላል። በአይሁድ ሔደር፣ ማለት የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት፣ መምህሩ በእንጨት እየጠቆመ የነጥቡንና የፊደሉን ስም አንድ ላይ ያስጠራና ድምፁን ያስወጣል። ቃማጽ ከአሌፍ ጋር «አ»፣ ቃማጽ ከቤት ጋር «ባ»፣ እንደዚህ እየተባለ በዜማ ይቀጥላል። በእኛም አገር መምህሩ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ያሰኛል። የፖላንዱ ሔደርና የጎንደሩ የፊደል ትምህርት አንዱ ሌላውን ሳያይ ልጁን በተነባቢና በአናባቢ ጥንድ ያስጀምሩት ነበር።

ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። የእኛ ፊደል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስሙና ድምፁ አንድ ነው። «ቡ» የሚለው ፊደል ስሙም «ቡ» ነው። የዕብራይስጡ ግን ስሙ «ቤት»፣ ድምፁ «ብ» ስለሆነ ልጁ ስሙን ከድምፁ መለየት አለበት። የአውሮፓ ልጆች በዚህ ነገር ለብዙ ዘመን ሲቸገሩ ኖረዋል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ አገሮች ልጁን መጀመሪያ የፊደሉን ስም ሁሉ ያስጠኑና ከዚያ እየጠራ ቃል እንዲሠራ ያስገድዱት ነበር። በእንግሊዝኛ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» እያለ የጠራ ልጅ «ካት» የሚለውን ቃል ከየት ያምጣው? ጀርመናዊው ፋለንቲን ኢከልሳመር በ1527 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ ከስሙ ይልቅ ድምፁን ይማር ብሎ ጻፈ። የሚሰማው ግን ብዙ አልነበረም፤ የፕሩሲያ መንግሥት ስም እየጠሩ ማስነበብን በትምህርት ቤቶቹ የከለከለው በ1872 ነው። ይህ ሁሉ ክርክር ሀ ሁ ብሎ ለጀመረ ልጅ አስፈላጊ አልነበረም።

የእኛም ትምህርት ችግር ነበረበት። የግእዙ ፊደል 26 ሲሆን በሰባት ሲባዛ 182 ይሆናል፤ አማርኛው ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨን ጨምሮ 33 ስለሆነ 231 ነው። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ሲያጠና ዜማውን ይይዝና ፊደሉን አያይም። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው የሚወርድ፣ ከመካከል አንዱን ነጥለው ሲጠይቁት ግን ከመጀመሪያው ካልተነሣ የማይመልስ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። የድሮዎቹ መምህራን ይህን አይተው መድኃኒት ሠርተውለታል። እርሱም አቡጊዳ ነው። አንደኛውን ከአ፣ ሁለተኛውን ከበ፣ ሦስተኛውን ከገ፣ አራተኛውን ከደ እየወሰዱ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ያሰኛሉ። የለመደው ዜማ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ልጁ ቅርጹን ሳያይ ማለፍ አይችልም። ቅደም ተከተሉም የሀ ለ ሐ መ ሳይሆን የአሌፍ ቤት ጊሜል ዳሌት ነው! በአገር ቤት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙትን የፊደል ገበታ ያዩ ሰዎች ሀ ሁና አቡጊዳ ጎን ለጎን እንደነበሩ ያስታውሳሉ። አሜሪካዊው የጽሕፈት ታሪክ ሊቅ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ተነባቢና አናባቢ በአንድ አካል የሚጻፉባቸውን የዓለም ፊደላት በሙሉ፣ የሕንዶቹን ጭምር፣ በአንድ ስም መጥራት ሲፈልግ የመረጠው ቃል ይኸው «አቡጊዳ» ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በዚሁ ስም ይጠራል።

ከአቡጊዳ በኋላ ልጁ ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ ቀጥሎም እያያያዘ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ሳያቋርጥ በቁም ንባብ ያነባል። ዛሬ የንባብ አስተማሪዎች መፍታት፣ ማያያዝ፣ ማቀላጠፍ የሚሏቸው ደረጃዎች ከእነዚህ ብዙም አይርቁም።

አሁን ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን እናድርጋቸው፤ ወላጆች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን እንዲወስዱ እንፈልጋለን። ካዕብ የሚባለው ሁለተኛው ድምፅ፣ ሁ ሉ ሙ፣ በኒኩድ ሹሩቅ ወይም ቁቡጽ ነው። ሣልስ፣ ሂ ሊ ሚ፣ ሒሪቅ ነው። ራብዕ፣ ላ ማ ባ፣ ቃማጽ ወይም ፓታሕ ነው። ኃምስ፣ ሌ ሜ ቤ፣ ጼሬ ወይም ሴጎል ነው። ሳብዕ፣ ሎ ሞ ቦ፣ ሖላም ነው። የመጀመሪያው ድምፅ፣ ለ መ በ፣ ብቻ በዕብራይስጥ አቻ የለውም።

ሳድስን ያስቀረነው ሆን ብለን ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ የለውም። «ብርድ» ስንል የመጀመሪያው «ብ» ትንሽ ይሰማል፤ «ር» እና «ድ» ግን ደርቀው ይቀራሉ። ጽሕፈቱ ይህን አይለይም፤ ልጅ የሚያውቀው በልማድ ነው። የዕብራይስጡ ሽዋ፣ በፊደሉ ሥር የሚቆሙት ሁለቱ ነጥቦች፣ ፍጹም ተመሳሳይ ባሕርይ አላቸው። ሽዋ ናዕ የሚባለው ይንቀሳቀሳል፣ ሽዋ ናሕ የሚባለው ያርፋል፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው። አንድ አባት ለልጁ «ይህ ሳድስ ነው፤ ጆሮህ የሚለውን ስማ» ቢለው መምህሯ በግማሽ ሰዓት ከምታስረዳው የማይተናነስ ነገር ነገረው።

ሌላው የሚያስገርመን የዳጌሽ ነገር ነው። ዳጌሽ በፊደሉ ሆድ ውስጥ የምትቀመጥ ነጥብ ናት፤ በድሮው ዕብራይስጥ ከሥራዎቿ አንዱ ፊደሉ እንደሚጠብቅ ማመልከት ነበር። ዛሬ በእስራኤል ማጥበቅ ከንግግር ጠፍቷል፤ ነጥቧ ግን ቀርታለች። በአማርኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የክርስቲያኖች በዓል ነው፤ «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ድምፁ አለን፣ ምልክቱ የለንም። እነርሱ ምልክቱን ይዘው ድምፁን ጣሉ። ዛሬ ለልጅ የሚጠቅመው የዳጌሽ ሥራ ሌላው ነው፤ ቤት ነጥብ ሲኖራት «ብ»፣ ሳይኖራት «ቭ»፤ ካፍ ሲኖራት «ክ»፣ ሳይኖራት «ኽ»፤ ፔ ሲኖራት «ፕ»፣ ሳይኖራት «ፍ» ናት። እኛም ከ ላይ ጭረት ጨምረን ኸ፣ ሰ ላይ ጨምረን ሸ ብለናል። ሺን በቀኝ ነጥብ «ሽ»፣ በግራ ነጥብ «ስ» ስትሆን ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ ነው፤ እርሱም በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

ዕብራይስጥንና አማርኛን በአንድ ገበታ ለማቅረብ የሞከሩ ሰዎች በማኅበረሰባችን ቀድሞም ነበሩ። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስከፍቶ አመራሩን ለታምራት አማኑኤል ሰጠ። የጣሊያን ወረራ ያን ሥራ አቋረጠው። ከዚያ ትምህርት የወጡት ዮና ቦጋለ የበዓላትን የዘመን መቁጠሪያ በየዓመቱ እያዘጋጁ ለመንደሮቹ ያደርሱ ነበር፤ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅተዋል። በ1955ና በ1956 ወደ ክፋር ባትያ የተላኩት ወጣቶችም ዕብራይስጥ ተምረው የተመለሱት በአገራቸው እንዲያስተምሩ ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ግን ፊደል ቆጥረው ከዚያ ወደ ዕብራይስጥ የተሻገሩ ናቸው።

በሌላ በኩል ብዙ ወላጆቻችን ፊደል የቆጠሩት ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ ነው። በ1979 በኢትዮጵያ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በማታ በኩራዝ ብርሃን ጭምር ሀ ሁ እንዲል አድርጓል፤ በ1980ም ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝቷል። መንግሥቱ የደርግ መንግሥት ነበር፤ ብዙ ክፉ ነገር አይተንበታል። ይህን አንድ ሥራ ግን መካድ አይገባም።

በእስራኤል የሆነውን ደግሞ እንመልከት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች «ቋንቋ በሙሉነቱ» የሚባል አሠራር ተስፋፍቶ ነበር። ሐሳቡ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የመጣ ነው። ልጅ መናገርን ማንም ደረጃ በደረጃ ሳያስተምረው እንደሚለምድ ሁሉ ንባብንም በመጻሕፍትና በታሪክ ተከቦ ይለምደዋል፤ ፊደልና ነጥብ እየነጠሉ ማስጠናት ያሰለቸዋል፤ ቃሉን ከሥዕሉና ከታሪኩ ይገምት የሚል ነው። ለልጆች ደስታ ማሰቡ መልካም ነበር። ነገር ግን የሚገምት ሰው አስቀድሞ ቃሉን ማወቅ አለበት። ቤቱ በዕብራይስጥ መጻሕፍት የተሞላ፣ ማታ ማታ የሚነበብለት ልጅ ይገምታል፤ የጎደለውንም እቤት ይሞሉለታል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል የነበረ ልጅ ከየት አምጥቶ ይገምት? ከላይ እንዳልነው፣ አናባቢ የሌለው ጽሑፍ ለእንግዳ ግድግዳ ነው ብለው ጥብርያዶሶችም አክሱሞችም መፍትሔ ፈልገው ነበር። ያንን ለልጁ በግልጽ አለማስተማር ግድግዳውን መልሶ መሥራት ይመስለናል።

የንባብ ውጤት ማሽቆልቆሉ ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ በ2001 የሻፒራ ኮሚቴ ተብሎ የሚታወቀው ኮሚቴ ፊደልንና ድምፅን በግልጽና በሥርዓት ማስተማር ወደ ክፍል እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። በአሜሪካ በ2000፣ በእንግሊዝም በ2006 የወጡት ሪፖርቶች ወደዚሁ ያዘነብላሉ። በኒኩድ የተጻፈ ዕብራይስጥ በደንብ የተማረ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በትክክል ሊያነበው የሚችል ጽሕፈት ነው፤ ከባዱ ነገር ኒኩድ ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ ቀስ በቀስ ሲነሣ ይመጣል። ያን ጊዜ ቃላት የሌሉት ልጅ እንደገና ይሰናከላል። ስለዚህ ፊደልና ድምፅ ብቻውን ሁሉን ይፈታል የሚሉትንም አንከተልም።

በመካከሉ ግን ብዙ ቤተሰብ ተጎድቷል። ልጁ የተቸገረው ባስተማሩት መንገድ ይሁን በሌላ ምክንያት ሳይጣራ ወደ ልዩ ክፍል እንዲዛወር ሲባል በስብሰባ ላይ ተቀምጠን አይተናል። በቅጹ ላይ «የወላጅ የትምህርት ዓመታት» የሚል ቦታ አለ። ኦሪትና ዳዊት በግእዝ የሚያነቡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በመምህር እግር ሥር የኖሩ አንድ ቄስ በዚያ ቦታ ላይ «0» ተብለው ተመዝግበው አግኝተናል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡማ! እርሳቸውም ሲነገራቸው «እውነት ነው፤ የእናንተን አላውቅም» አሉ። እኛ ግን ከመዝገቡ ላይ ዜሮው እንዲሰረዝ ጠይቀን ተሰርዟል።

አሁን ወደ አጻጻፍ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ወላጅ ከመምህሯ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በዛሬው የእስራኤል ንግግር ቴትና ታው አንድ ዓይነት «ት» ሆነዋል፤ ካፍና ቆፍ አንድ «ክ» ሆነዋል፤ ዓይንና አሌፍ ለብዙ ሰው አንድ ናቸው። ልጁ ድምፁን በትክክል ሰምቶ በተሳሳተ ፊደል ይጽፋል። እኛም በሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ በሰና ሠ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ ያለብን ችግር ይኸው ነው። ነገር ግን አማርኛ ጠንና ተን፣ ቀንና ከን እስከ ዛሬ በአፍ ይለያል፤ ግእዙም የቀረውን በጽሑፍ ይለያል። ስለዚህ «ታዓም» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በቴት ይሁን በታው ልጁ ቢጠይቅ እናቱ «ጣዕም» ማለቷን ታስታውስ፤ ጠ ስለሆነ ቴት ነው፤ በመካከሉም ዐ ስላለ ዓይን አለበት። «ቃዶሽ» ቅዱስ ስለሆነ በቆፍ ነው፤ «ካናፍ» ክንፍ ስለሆነ በካፍ ነው። «ሮሽ» በሚለው ቃል መካከል የማትሰማ አሌፍ አለች፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ይረሳታል። ግእዙ «ርእስ» ብሎ እርሷኑ በመካከል አስቀምጧታል። «ቴሻ»፣ ዘጠኝ፣ በታው ጀምሮ በዓይን ያልቃል፤ ግእዙ «ተስዐቱ» ይላል።

መጠንቀቅ የሚገባው ቦታም አለ። አማርኛ አንዳንዱን ጸ ወደ ጠ ቀይሮታል፤ «ጥላ» የዕብራይስጡ «ጼል» ነውና በቴት ሳይሆን በጻዲ ይጻፋል፤ ግእዙ «ጽላሎት» እንደሚል ያወቀ ሰው አይሳሳትም። ከዝምድና የራቁ ቃላትም ብዙ ናቸው። ቢሆንም ልጁ አንዲት ቃል በዚህ መንገድ አግኝቶ ክፍል ውስጥ ሲመልስ፣ የቤቱ ቋንቋ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያግዝ ነገር እንደሆነ ያያል። አማርኛን እቤት አትናገሩባቸው፣ ያደናግራቸዋል እየተባሉ የተመከሩ ወላጆች ነበሩ። በእኛ በኩል ይህን ምክር ለማንም አልሰጠንም።

በመጨረሻ ፊደል ስላልቆጠሩት እናቶች። ከገጠር የመጡ ብዙ እናቶቻችን አገር ቤት ሳሉ ደብተር አልያዙም፤ ኡልፓን ገብተው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ሲጨብጡ ከፊታቸው የቀረበው ገና በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ነገር ነበር። ታዲያ ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር ከማገናኘቱ በፊት ድምፁን ራሱን በጆሮው መለየትና መቁረጥ መቻል አለበት፤ ይህን ያልቻለ ልጅ ፊደል ቢያውቅም ማያያዝ ይከብደዋል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ማንበብ አያስፈልግም።

ብዙዎቻችን በልጅነታችን የወፍ ቋንቋ እናወራ ነበር። ከእያንዳንዱ ድምፅ ቀጥሎ «ዝ»ን በዚያው አናባቢ እየጨመሩ መናገር ነው፤ «ቤቴ» የሚለው «ቤዜቴዜ»፣ «ቡና» የሚለው «ቡዙናዛ» ይሆናል። ትልልቆች እንዳይሰሙ ምስጢር የምናወራበት ነበር። ይህን የሚናገር ሰው ቃሉን በአፉ ቆራርጦ አናባቢውን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው፤ ማንም ሳያስተምረው። የእስራኤል ልጆችም «የቤት ቋንቋ» የሚሉት፣ ከቤት ፊደል የተሠራ የራሳቸው አላቸው፤ «ዝ» በማለት ፈንታ «ብ» ይጨምራሉ፤ «ሻሎም» የሚለው «ሻባሎቦም» ይሆናል። እስራኤል በ1978 በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችበት የይዝሃር ኮሄን ዘፈን ስሙ «አ-ባ-ኒ-ቢ» የሆነው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ይህን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስናነሣ መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ፣ ለልጃቸው በወፍ ቋንቋ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ማንም ሳያቋርጥ ተናግረው ጨረሱ፤ ከእኛ መካከል አንዳችንም ተከትለን መስማት አልቻልንም። ልጅቷ ግን ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በእቤታቸው ይህን ለምዳዋለች። እናትየዋ በመጨረሻ «ቡዙናዛ» ሲሉ እርሷ «ካባፌቤ» ብላ በቤት ቋንቋ መለሰችላቸውና ተነሥታ ቡናውን አመጣች።